ስማቸው ያልታወቀ አምስት ሐረጎች

የካቲት 10

ሥራ፦ ሁለት የመድኃኒት ናሙና ፈተሽኩ። አንዱ አለፈ። ሌላው ይደገማል፤ ሳይረጋገጥ ከላቦራቶሪው አይወጣም። አሥራ አንድ ተኩል ላይ ቤት ገባሁ። የምሳ ዕቃዬን አጠብኩ።

ከጓሮው ግድግዳ ሥር ያሉትን አምስት ጣሳዎች ዛሬ ቁጥር ሰጠኋቸው። ባለፈው ሐምሌ ባለቤቴ ከአንድ ባልደረባው ግቢ ቆርጦ ያመጣቸው ሐረጎች ናቸው። «ሁሉም ያብባሉ» ብሎ ነበር። ስማቸውን አልጻፈም። እኔም አልጠየቅሁም። ጥቅምት ላይ ሞተ።

ከጣሳው ወጥተው መሬት ለመሬት መሳብ ጀምረዋል። መተከል አለባቸው። ከመትከል በፊት ግን ማንነታቸው መታወቅ ይኖርበታል፤ እያንዳንዱ ሐረግ ወደ ላይ የሚወጣበት መንገድ ይለያያልና።

አባባ፣ የባለቤቴ አባት፣ የኩሽናውን በር ተደግፈው ሲያዩኝ ቆዩ።

«ምን እየጻፍሽባቸው ነው?»

«ቁጥር።»

«ስም አጥተው ነው?»

«ስማቸው እስኪታወቅ ነው።»

«እኛ ጋራዥ ባለቤቱ ያልታወቀ መኪና ሲቆም ‹ያ ቢጫው› እንለው ነበር። ከዚያ በላይ ምን ያደርግለታል?»

ቁጥር 5ን ጻፍኩ። ሰባት ዓመት ከእኛ ጋር ኖረዋል… ከእኔ ጋር አራት ወር።

የካቲት 13

የባለቤቴ ታላቅ እህት ደወለች።

«ክረምት ሳይገባ አባዬን እወስደዋለሁ። አንቺ ጋ ምን ያደርጋል ከእንግዲህ? አንቺም ገና ልጅ ነሽ፣ የራስሽን ኑሮ…»

አልጨረሰችውም። የምትኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጓሮ የለም፤ አንድ ጠባብ በረንዳ አለ። «ጥሩ ነው» አልኩ።

ጥሩ ነው ወይ? አላውቅም። ስለ ጉዳዩ አስተያየት የለኝም። ማንም አልጠየቀኝም፤ እሳቸውንም የጠየቀ ያለ አይመስለኝም።

ራት ላይ «ደወለች?» አሉ። «ደወለች።» «እ» አሉ። ጨው አቀበልኳቸው።

የካቲት 21

ምልከታ።

ቁጥር 1፦ ጠንካራ እሾህ፣ የልብ ቅርጽ ያለው ቅጠል። ጫፉ ላይ ሐምራዊ ወረቀት መሰል ነገር። ቡጋንቪላ። ተረጋግጧል።

ቁጥር 2፦ ቅጠሉ ባለ ሦስት ጣት። ከአንጓው እንደ ሞላ የተጠቀለለ ክር ያወጣል፤ በዚያ ይጨብጣል። የፓሽን ፍሩት ወገን ይመስላል። አበባው እስኪታይ አላጸድቅም።

ቁጥር 3፦ ግንዱ ራሱ ይጠመጠማል። ቅጠሉ ሻካራ፣ ጥንድ ጥንድ።

ቁጥር 4፦ ቅጠሉ የሚያብረቀርቅ፣ በአንድ አንጓ ዙሪያ አራት አራት። አይጠመጠምም፣ አይጨብጥም፣ እሾህም የለውም፤ ካላሰሩት ይወድቃል። ቅጠሉ ሲቀነጠስ ነጭ ወተት ያወጣል። ጥርጣሬ፦ አላማንዳ። አላማንዳ ከሆነ ወተቱ ቆዳና ዓይን ይጎዳል። አልተረጋገጠም።

ቁጥር 5፦ ይጠመጠማል። ሌላ የማውቀው ነገር የለም።

ሐምራዊው ነገር የቡጋንቪላው አበባ አለመሆኑን ለአባባ ነገርኳቸው። ቅጠል ነው፤ እውነተኛዋ አበባ በመካከሉ ያለችው ነጭ ሚጢጢ ናት።

«ዕድሜ ልካችንን ቅጠል ስናደንቅ ኖረናላ!» አሉ። ጎንበስ ብለው ነጯን ፈለጓት። መነጽራቸውን አልያዙም ነበር። አገኘኋት አሉ። ያገኟት አልመሰለኝም።

የካቲት 30

አምስቱም መሬት ገቡ። መደገፊያውን አባባ ሠሩት፤ ከአሮጌ የውኃ ቧንቧና ከሽቦ። ለእያንዳንዱ ሐረግ የሚስማማውን ዓይነት እስካረጋግጥ አንድ ሳምንት እንዲታገሡ ጠይቄ ነበር።

«ባለቤቱ እስኪታወቅ ተብሎ መኪና ዝናብ ላይ አይቆምም፣ እመት ላቦራቶሪ።»

ይህን ስም ያወጡልኝ ከሠርጋችን በሳምንቱ ነው። በባለቤቴ ፊት ብቻ ነበር እንዲህ የሚጠሩኝ፤ እሱ እንዲስቅ። ዛሬ የሚስቅ ሰው አልነበረም። ሁለታችንም ትንሽ ጠበቅን።

መጋቢት 7

ቁጥር 3 እና ቁጥር 5 ሁለቱም ተጠምጣሚ ናቸው። ነገር ግን ቁጥር 5 የሚዞረው በተቃራኒው አቅጣጫ ነው። ለንጽጽር አይመችም። ፈትቼ እንደ ቁጥር 3 መልሼ ጠመጠምኩት። በአራት ቦታ በልስልስ ጨርቅ አሰርኩት። ሥርዓት ያዘ።

መጋቢት 11

ቁጥር 5 ራሱን ፈቷል። ከታች ሁለት ዙር ተመልሶ ወደ ራሱ አቅጣጫ ዞሯል፤ ከላይ ያለው ጫፍ መታጠፍ ሳይችል ቀርቶ ተሰብሯል። ስሕተቱ የእኔ ነው። መዝግቤዋለሁ።

አባባ የተሰበረውን ጫፍ በጣታቸው ይዘው አዩት።

«በግድ አጠበቅሽው?»

«አንድ ዓይነት እንዲሆኑ ነበር።»

«የሳይክል ፔዳል ፈትተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«የቀኙ እንደ ማንኛውም ቡሎን ነው። የግራው ግን ተገላቢጦሽ ነው የሚጠብቀው። ጀማሪ ሁሉ እዚያ ላይ ነው ጥርሱን የሚያወልቀው። እንደ ሌላው መስሎት ይታገለዋል፣ ይታገለዋል፣ ጥርሱን ይበላዋል። የማንን ጥርስ አትይኝም?»

«የማንን?»

«የቡሎኑን! የሰውዬውንማ ቀጣሪው ነው የሚያወልቀው።»

ሳቁ። ከጥቅምት ወዲህ የመጀመሪያው ነው። መሳቅ ይገባኝ ነበር። አልሳቅሁም። መሳቅ የሚገባበት ቦታ መሆኑን ግን አውቄያለሁ… ይህም እንደ ምልከታ ይያዝ።

መጋቢት 20

የቁጥር 3፣ 4 እና 5ን ቅጠል በላስቲክ ይዤ ችግኝ ሻጩ ዘንድ ሄድኩ።

«ይሄኛው የሙሽራ ደወል ነው» አለ ቁጥር 3ን አይቶ።

«ይሄኛውስ?»

«እሱም የሙሽራ ደወል።»

«ቅጠላቸው እኮ አይመሳሰልም።»

«ይሄ ትንሹ ነው፣ ያ ትልቁ።»

«ሦስተኛውስ?»

ሦስተኛውን አገላብጦ አየው። እኔንም አየኝ። «እህቴ፣ ያብባል ተብሎ ነው የተሰጠሽ?»

«አዎ።»

«ታዲያ ያብባላ! ከዚህ በላይ ምን ፈለግሽ?»

ምን እንደፈለግሁ አሰብኩ። አንድ ከረጢት ብስባሽ ገዝቼ ተመለስኩ።

መጋቢት 29

ዛሬ ምንም።

ሚያዝያ 6

አባባ የሚሄዱበት ቀን ተቆረጠ። የባለቤቴ እህት ግንቦት 23 መኪና ይዛ ትመጣለች። ቅዳሜ ነው።

አባባ የመፍቻ ሣጥናቸውን ከአልጋ ሥር አውጥተው በጨርቅና በዘይት አንድ በአንድ ሲወለውሉ ዋሉ። ፎቅ ላይ መፍቻ ምን ይሠራል? አልጠየቅሁም። መሄድ ይፈልጉ እንደሆነም አልጠየቅሁም። ብጠይቅ «አንቺስ?» ይሉኛል። እኔ የምፈልገው ደግሞ አልተረጋገጠም።

እሱ በሞተ ማግስት ያለቀስኩ ይመስለኛል። ከዚያ በኋላ የለም። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሥራዬ ላይ ስሕተት አልተገኘም። ይህ ደኅና መሆን ከሆነ ደኅና ነኝ።

ሚያዝያ 14

ቁጥር 3 አበበ። ሰማያዊ፣ የመለከት አፍ የመሰለ፣ ጉሮሮው ቢጫ። ተንበርጂያ። ተረጋግጧል። ችግኝ ሻጩ ተሳስቷል።

አባባ «ያ ሰማያዊው» ብለው ሰየሙት።

ሚያዝያ 21

ቁጥር 4 እንቡጥ ይዟል። ሾጣጣ፣ ቢጫ ቢጫ። ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይበቃዋል። ያኔ በእርግጠኝነት እጽፋለሁ፤ አባባንም ስለ ወተቱ አስጠነቅቃለሁ።

ሚያዝያ 23

ጎረቤታችን ሥራ ቦታ ደወለችልኝ። አምስት ሰዓት ነበር። «ነይ፣ አባባ ዓይናቸውን…»

የሆነው ይህ ነው። ቁጥር 4 ከመደገፊያው ላይ ወድቆ አገኙት። ሊያስሩት የተንጠለጠለውን ቅርንጫፍ በጉጠት ቆረጡ። ወተቱ እጃቸው ላይ ፈሰሰ። ላብ ሲወርዳቸው በዚያው እጅ ቀኝ ዓይናቸውን አሹ።

የዓይን ክሊኒክ። ነርሷ ዓይናቸውን በውኃ ታጥብ ነበር፤ በጣም ረጅም ጊዜ። እጄን ይዘውኝ ነበር። የእጃቸው ቆዳ ሻካራ ነው።

«ምን ተክል እንደሆነ ይታወቃል?» አለች ነርሷ።

«አላማንዳ» አልኩ። ሳላመነታ። «ወተት አለው፤ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል።»

አባባ ዓይናቸው እንደተጨፈነ፣ ውኃው በጆሯቸው እየወረደ፣

«ታውቂ ነበር?» አሉ።

«እጠረጥር ነበር።»

«ከመቼ?»

«ከየካቲት።»

እጄን ለቀቁት። ተቆጥተው አልነበረም… እንዲሁ ለቀቁት።

ሐኪሙ እንደሚድኑ ተናግሯል። የዓይናቸው ብሌን የላይኛው ስስ ሽፋን ተልጧል፤ ሁለት ሳምንት ታሽጎ ይቆያል። ጠብታ በየአራት ሰዓቱ።

ሚያዝያ 24

ቁጥር 4 አበበ። ቢጫ፣ ሰፊ፣ አምስት የአበባ ቅጠል ያለው። አላማንዳ። ተረጋግጧል።

ሚያዝያ 25

እህቱ መጣች። ጫማዋን ሳታወልቅ፣ ሳትቀመጥ።

«ዓይኑን ልታጠፊው ነበር! መርዝ ነው ብሎ መናገር አፍ ያደክማል?»

«አልተረጋገጠም ነበር፣ እትዬ።»

«አልተረጋገጠም ትላለች! አባዬ፣ ትሰማለህ የምትለውን? ቤት ሲቃጠል እኮ አንቺ ጭሱን ትመዝኛለሽ! ግንቦት 23 የሚባል የለም፤ የሚመጣው ቅዳሜ ትወጣለህ።»

አባባ «ድምፅሽን ቀንሺ፣ የታመመው ጆሮዬ አይደለም» አሉ። እሄዳለሁም አላሉ፣ አልሄድምም አላሉ።

ራሴን አልተከላከልኩም። ትክክል ነበረች። ምን ያህል ትክክል እንደሆነች ግን አታውቅም። እዚህ መጻፍ እችላለሁ፤ የሚያነበው የለም። ባለቤቴ ጉበቱ ላይ ጥላ የታየው ባለፈው ሰኔ 11 ነው። እኔና እሱ አወቅን። አባባ የሰሙት ጥቅምት 2 ነው። ጥቅምት 19 ሞተ። ከልጃቸው ጋር የተረፋቸው አሥራ ሰባት ቀን ነበር፤ አራት ወር ሊሆን ይችል የነበረው። ዛሬም ድረስ ሁላችንም በጥቅምት እንዳወቅን ነው የሚያምኑት።

ምርመራው ይደገም፣ ናሙናው ይወሰድ፣ ሁለተኛ ሐኪም ይየው… እያንዳንዱ ምክንያት ለብቻው ትክክል ነበር።

የማን ሐሳብ እንደነበር አልጽፍም።

ሚያዝያ 28

ከሥራ እንደገባሁ ጠብታውን አደረግሁላቸው። ጓሮ ተቀመጥን። በአንድ ዓይናቸው ሐረጎቹን ያዩ ነበር።

«ሌላስ?» አሉ።

«ምን ሌላ?»

«ሌላ የምትጠረጥሪው ካለ። ያን ባለ ክሩን፣ ያን ግራ ዘዋሪውን። አሁኑኑ ንገሪኝ፤ አንድ ዓይን ነው የቀረኝ።»

ቀልድ ነበር። እሺ ማለት እችል ነበር። ቁጥር 2 ጉዳት እንደሌለው፣ ቁጥር 5ን እንደማላውቀው ነግሬያቸው ወደ ቤት መግባት እችል ነበር።

«በሰኔ ነው ያወቅነው» አልኩ። «ሕመሙን። በጥቅምት አይደለም።»

ጎረቤት የውኃ ሞተር አስነሥቶ አጠፋ።

«ሰኔ» አሉ።

«ሰኔ 11።»

«ሐምሌ ላይ ከእኔ ጋር የጎረቤት መኪና ክላች ቀይሯል። ከሥር ገብቶ። ‹ውጣ፣ ደክሞሃል› ስለው ‹እርጅና ነው አባባ› አለኝ። ስቄበታለሁ እኮ!… ስቄበታለሁ።»

«አዎ።»

«የማን ሐሳብ ነበር?»

«የሁለታችንም።»

ተነሥተው ገቡ። በሩን ቀስ ብለው ዘጉት።

የመጨረሻው መልሴ ትክክል አይደለም።

ግንቦት 1

ከነገርኳቸው ሦስተኛ ቀን። ጠብታውን በራሳቸው ያደርጋሉ። ግማሹ ጉንጫቸው ላይ ይፈሳል። ሣጥኑ ተዘግቶ በር ሥር ቆሟል፤ ላዩ ላይ ኮታቸው ተጣጥፎ። ነገ ነው።

ሥራ ላይ አንድ ናሙና ሁለት ጊዜ መዘንኩ። ሁለት የተለያየ ቁጥር ሰጠኝ። ሚዛኑ አልተበላሸም። እጄ ነበር።

ግንቦት 2

በሦስት ሰዓት መጣች። ሾፌሩ ሞተሩን አላጠፋም። እህቱ ኮቱን በክንዷ ይዛ «ሌላ ዕቃ?» አለች። አባባ «የለም» አሉ። ሣጥኑን ለማንሣት ጎንበስ አሉ።

እንዲህ አልኩ፤ ቃል በቃል ለመጻፍ እሞክራለሁ፦

«አባባ፣ እንዲሄዱ አልፈልግም። እርስዎ ምን እንደሚፈልጉ አላውቅም። ትክክል ይሁን አይሁንም አላውቅም። እኔ ግን አልፈልግም።»

«አሁን?» አለች እህቱ። «መኪና በር ላይ ቆሞ? ሦስት ወር አፍሽን ምን ይዞት ነበር?»

«ምንም።»

አባባ ቀና አሉ። ሣጥኑን አልለቀቁትም።

«ይህችን ልጅ ይቅር አላልኳትም» አሉ ለልጃቸው። «እሷም ታውቃለች። ለምን እንደሆነ ለአንቺም አንድ ቀን ይነገርሻል፤ ያን ቀን ደግሞ አንቺም ትቆጫለሽ።»

«ታዲያ እንሂዳ!»

«ሄጄስ? እዚያ ፎቅ ላይ ተቀምጬ ማንን ልቆጣ? አንቺን? ምን አደረግሽኝ?» ሣጥኑን መሬት አስቀመጡት። «መቆጣት ያለብኝ እሷን ነው። እሷ ደግሞ ያለችው እዚህ ነው።»

«አባዬ፣ እንደዚህ ይኖራል?»

«ሞተሩን አስጠፊው፣ ነዳጅ ይጨርሳል።»

አንድ ሰዓት ያህል ተከራከሩ። እኔ ኩሽና ነበርኩ። ስትወጣ ኮቱን እጄ ላይ አስቀመጠችው። ከባድ ነው፤ ኪሱ ውስጥ ቡሎኖች አሉ። «ዓይኑን በየአራት ሰዓቱ» አለችኝ። «እሺ፣ እትዬ» አልኳት።

ግንቦት 3

ሐረጎቹን ዛሬ አላየኋቸውም።

ከቁርስ በኋላ ጠረጴዛውን ላነሣ ስል «ተዪው፤ ቁጭ በይ» አሉ። ቁጭ አልኩ።

«ከሰኔ ጀምሪ። ቀን በቀን። አትዝለዪ።»

ጀመርኩ። ሰኔ 11፣ ምርመራው። በመመለሻችን አውቶቡስ ቆመን እንደመጣን፣ እሱ ወንበር ለአንዲት ነፍሰ ጡር እንደለቀቀ። ሰኔ 12። ሰኔ 13፣ እሳቸው ጥርሳቸውን ታመው እሱ ክሊኒክ ይዟቸው እንደሄደ። «አስታውሳለሁ» አሉ። ሰኔ 15፣ ሁለተኛው ሐኪም። ከዚያ ሐምሌ 3፣ ናሙናው…

«ቆይ» አሉ። «ከሰኔ 15 እስከ ሐምሌ 3 ሞተሩ ጠፍቶ ነበር?»

የዳቦ ፍርፋሪውን በመዳፌ ሰበሰብኩ።

«አትዝለዪ ብዬሻለሁ።»

ሰኔ 22 ነገርኳቸው። እሱ ራት ከበላን በኋላ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ «ነገ ለአባባ እነግረዋለሁ» እንዳለ። እኔ «በምን ማስረጃ?» እንዳልኩት። «ጥላ ነው የታየው፣ ጥላ ውጤት አይደለም፤ ሽማግሌ ሰው በጥላ አታስደንግጥ» እንዳልኩት። እሱ «አባቴ ነው እኮ፣ ማስረጃ አይጠይቀኝም» እንዳለ። ደግሞ በሐምሌ እንደጠየቀኝ። ደግሞ በነሐሴ። ሦስት ጊዜ። ሦስቱንም ጊዜ ያስቆምኩት እኔ ነኝ። የሁለታችን ሐሳብ አልነበረም።

አባባ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት። ብርጭቆው ወደቀ። «ልጄ ሊነግረኝ ፈልጎ?!» ጮኹ። እንዲህ ሲጮኹ ሰምቼ አላውቅም። «አፉን ይዘሽ? አባቱን እየጠራ አንቺ አፉን ይዘሽ?»

«አዎ!» አልኩ። ጮኬ ነበር። ከየት እንደመጣ አላውቅም። «አዎ፣ ይዤ! ከተናገረ እውነት የሚሆን መስሎኝ ነው! ለእርስዎ ካልተነገረ ያልሆነ ይመስለኝ ነበር! አላመንኩም ነበር፣ አባባ፣ ማስረጃውን ሦስት ጊዜ በእጄ ይዤ አላመንኩም!»

ምን ያህል እንደጮህን አላውቅም። ፊቴ እርጥብ ነበር፣ አንገቴም። ጎረቤታችን በሩን ደበደበች።

አባባ ሄደው ከፈቱላት። የታሸገው ዓይናቸው ሥር ቀልቷል።

«ምን ሆናችሁ? በደኅና ነው?»

«ምንም። እያወራን ነው።»

በሩን ዘጉ። የወደቀውን ብርጭቆ አነሡ፤ አልተሰበረም። ተመልሰው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ።